የአባዬ ዳሌና የቆይ ቆይ ፊርማ

ውድ አባዬ፣

ስልኬን አላነሳም ስላልክ ይኸው በወረቀት መጣሁብህ። «ለገዛ አባቷ አንድ ፊርማ የነፈገች ልጅ ወለድኩ!» እያልክ ለጎረቤቱ ሁሉ ታወራለህ አሉ፤ እህቴ ነግራኛለች። እሺ፣ አሁን ደግሞ እኔን ስማኝ።

ሐኪምህ የመረጠልህ ሰው ሠራሽ የዳሌ መገጣጠሚያ ፈቃድ የሚጠብቀው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነበር፣ እውነት ነው። ግን የሕክምና ዕቃ ተፈትሾ በሚፈቀድበት በእኛ መሥሪያ ቤት፣ ዕቃውን የሚጠብቅ ዘመድ ያለው ሰው ፋይሉን አይነካም፤ ለባልደረባ ያስረክባል። የደረሰው ደግሞ፣ ጉድ በል፣ «ቆይ ቆይ» ለምንለው መሐንዲስ! ምሳ ሲያዝ እንኳ አስተናጋጁን «ቆይ ቆይ» የሚል ሰው ነው። ይህን ስነግርህ «በቃ ገደልሽኝ!» ብለህ ስልኩን ዘጋህብኝ።

እኔስ መቼ ደስ አለኝ? ባለፈው ስመጣ ጥርስህን ነክሰህ ከአልጋ ስትነሣ አየሁህ፤ አንተ ግን «ወገቤን ላፍታታ ብዬ ነው» አልከኝ። ቆይ ቆይን ልለምነው ቢሮው በር ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ።

እሱ ያየው ምን መሰለህ? የሰው ሠራሹ ዳሌ ኳስ የምትሽከረከረው በፕላስቲክ ሽፋን ውስጥ ነው። ኳሷ ስትተልቅ ሽፋኑ ይሳሳል፤ ለአንተ የታዘዘችው ደግሞ ትልቋ ናት። ኩባንያው በማሽን የሞከረው ወፍራሙን ብቻ ነበር። «ቆይ ቆይ፣ ስሱ ቶሎ ተበልቶ ያልቅ እንደሆነ ማን አየ?» አለና እንደገና ይሞከር ብሎ መለሰው። ቢሮው በሙሉ ተንጫጫ።

እኔ ግን አንተን አስታወስኩ። የሰው ቤት ስትቀባ ባለቤቶቹ የመጀመሪያው ቀለም ሳይደርቅ ሁለተኛውን ደርብ ብለው ሲጮሁብህ፣ ባልዲህን ገልብጠህ ትቀመጥበትና «ጌታዬ፣ እኔ ቀቢ እንጂ አታላይ አይደለሁም» ትል ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ አጠገብህ ቁጭ ብዬ ግድግዳ ሲደርቅ አብሬህ አይ ነበር። ታዲያ በአንተ አጥንት ላይ ሳይደርቅ ልደርብ?

ትናንት ውጤቱ መጣ። ስሱ ሽፋን ችሏል፤ አልተሰነጠቀም፣ ከሚፈቀደው በላይም አልተበላም። ቆይ ቆይ ፈረመ! «ታዲያ በከንቱ ነዋ ያንከራተታችሁኝ!» እንደምትል አውቃለሁ። አባዬ፣ ያኔ «ይችል ይሆናል» ነበር የምልህ፤ ዛሬ «ይችላል» እልሃለሁ። ብዕሩን አስቀምጦ «ለአባትሽ ንገሪያቸው፣ እኔም ብሆን እሱን ነው የማስገጥመው» አለኝ። እቅፍ ሳደርገው ክው አለ።

ዕቃው መጋዘን ገብቶ ፈቃዱን ብቻ ሲጠብቅ ነበር፤ ሐኪምህ ለሚመጣው ሳምንት ቀጠሮ ይዞልሃል። እባክህ አትነጫነጭበት።

ሳሎኔ ውስጥ የመጀመሪያውን ቀለም ብቻ ቀብተህ የተውከው ግድግዳ አለ። ዳሌህ ደረጃዬን እምቢ ካለህ ጀምሮ ማንም እንዲነካው አልፈቀድኩም። ስታገግም ቀስ ብለህ ትወጣለህ። መሰላሉ ላይ የምወጣው እኔ ነኝ፤ አንተ ከታች ሆነህ ትሰድበኛለህ። ባልዲ ላይ መቀመጥ ግን ክልክል ነው፣ ለአዲሱ ዳሌ ዝቅ ይላል፤ ከፍ ያለ ወንበር ገዝቼልሃለሁ።

የመጀመሪያው ቀለም እንደሆነ በደንብ ደርቋል።

አጠገብህ ቁጭ ብላ የምትጠብቅ ልጅህ