«አላት» የምትባለዋ ሴት

ለምወድሽ እህቴ፣

እታለም፣ እንዴት ከረምሽ? ያ እያጣደፈ የሚያስነሳሽ ሳል ለቀቀሽ ወይ? ባለቤትሽስ ከወገቡ ቀና አለ? ልጆቹ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ጤነኛ ነኝ፤ ጨርቄንም አልጣልኩም። ይህን የምልሽ ከታች የጻፍኩትን ስታነቢ ለየላት እንዳትዪኝ ነው። ስለ እማዬ የምጠይቅሽ አለ፤ እመጣበታለሁ።

የማስታምማቸው ባልቴት፣ የምለውን ሳትሰማ ገላዬን አታጥበኝም ብለው ስፓኒሽ ሊያስተምሩኝ ጀምረዋል። ድሮ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ አሁንም ሰው ሲያዩ በዓይናቸው ይለካሉ። የጀመሩልኝ «ቴኔር» በሚሉት ግሥ ነው። እኛ ራበን፣ በረደን የምንለውን እነሱ ረሀብ አለኝ፣ ብርድ አለኝ ይላሉ፤ ዕድሜያቸውን እንኳ አለኝ ብለው ነው የሚቆጥሩት። እኔ «ረሀብ ነኝ» እያልኩ ስንት ቀን አስቄያቸዋለሁ።

ትምህርቱ ከምሳ በኋላ ሳሎን ውስጥ ነው። ደረታቸውን መታ አድርገው «ቴንጎ» ይላሉ፤ አለኝ። ወደ እኔ ጠቁመው «ቲየኔስ»፤ አለሽ። «አላት» ለማለት ግን ሌላ ሰው ያስፈልጋል፤ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን። ስለዚህ መስኮቱ ሥር ወዳለው ባዶ ወንበር ጠቆሙና «ቲየኔ» አሉ፤ ብርድ አላት። እየሳቅሁ ደገምኩ። በማግስቱ ግራጫ ሻርፕ አላት አሉ። ሰንበት ብለው ደግሞ ግራ እጇ ላይ የእሳት ጠባሳ አላት፣ ከግራው ዝቅ ያለ ቀኝ ትከሻ አላት፣ ቀሚስ ብሰፋላት እዚያ ጋ እሞላው ነበር አሉ፤ ያልገባኝን በእጃቸው እያሳዩ። ሳቄ እዚያ ላይ ቆመ። እታለም፣ ስለ እማዬ ጠባሳም ሆነ ትከሻ ትንፍሽ ብዬላቸው አላውቅም። ከአንድ ግሥ በቀር ምን አፍ አለኝና?

አንድ ቀን ልፈትናቸው ብዬ ወደ ወንበሩ ጠቆምኩና «የጉልበት ሕመም አላት» አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ግሡን ልክ ብለሻል፣ የተሳሳተው ነገሩ ነው አሉኝ። ጉልበቷ ትቷታል፤ አሁን እዚህ ውሃ አላት ብለው መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አሳረፉ። ሲተኙ ወንበሩን ላራግፍ ስሄድ የመቀመጫውን ትራስ ሞቆ አገኘሁት። ፀሐይ ነው እንዳልል፣ ቀኑን ሙሉ ሲዘንብ ነው የዋለው።

ባለፈው ማክሰኞ «ቴንጎ»፣ «ቲየኔስ» ብለው አቆሙ። እሷስ? ብዬ በእጄ አሳየኋቸው። ወንበሩን አየት አድርገው፣ ማንም የለ፣ ስለ ማን ልናገር? አሉኝ፤ ሻይ አልቋል እንደሚል ሰው። ከዚያ ወደ ሌላ ግሥ ተሻገሩ።

ከማክሰኞ ወዲህ ሦስት ጊዜ ደውያለሁ። አንዴ እማዬ ተኝታለች አልሽኝ፤ አንዴ ጎረቤት ሄዳለች፤ ሦስተኛው ላይ ስልኩ ተዘጋ። አባዬም ሲሞት ስምንት ወር ሙሉ ተኝቷል ስትሉኝ ከርማችኋል። ያኔ በሰው አገር ብቻዋን እንዳታለቅስ ብላችሁ ነው ብዬ አልተቀየምኩም። አሁን ግን እቀየማለሁ። ማክሰኞ ምን ነበር? የሚያረዳኝ ሰው አታፈላልጊልኝ፤ ራስሽ ጻፊልኝ።

ለባለቤትሽ፣ ለትልቋ ልጅሽ፣ ለዚያ ለአፈኛው ትንሹ፣ ለአጥር ተጋሪያችን ለአናጢውና ለሚስቱ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። የእማዬን ለብቻው ጽፌ ፖስታው ውስጥ አጥፌ ከትቼዋለሁ። ካለች አንብቢላት። ከሌለች ሳትከፍቺ መልሰሽ ላኪልኝ።

ታናሽሽ

ከባልቴቷ ቤት፣ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ
ኅዳር 12 ቀን