ደሙ አልተቆጠረም

ውዴ ባየህ፣

ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት ገባ። እስከዳር ልጃችን ቁመቷ እኔን አልፏል። የጀመርከውን የጓሮ ግንብ ወንድምህ ጨረሰው፤ እንዳንተ እጅ አይደለም፣ ጎበጥ ይላል፤ ነፋሱን ግን ይመልሳል።

ሐሙስ ዕለት ይግባኙ ተወሰነ። ከትክል ድንጋይ ከተማ፣ ከተዝካር ስትመለስ የገጨህ ሾፌር፣ ያ ከሳንጃ ሰሊጥ ጭኖ የመጣው፣ በሥር ፍርድ ቤት ሰክሮ ነድቶ ሰው ገደለ ተብሎ ተፈርዶበት ነበር። አሁን የሾፌሩ ጠበቃ በደም ምርመራው ላይ ክርክር ያዘ። ክንዱ በአልኮል ተጠርጎ ነው የተቀዳው፣ ብልቃጡም ሳይታሸግ አድሯል፤ የማን ደም እንደሆነ በምን ይታወቃል አለ። ዐቃቤ ሕጉ የሾፌሩ አፍ አረቄ አረቄ ይሸት እንደነበር ቢያስረዳ፣ ዳኞቹ ምርመራውን ውድቅ አድርገው ሽታ መጠን አይናገርም አሉ።

ደክሞኛል ባየህ። በየቀጠሮው ከቁስቋም እየወረድኩ አግዳሚ ላይ ስጠብቅ ጉልበቴ አለቀ።

ጠበቃው አንተንም አልማረህም። ሟችም ከተዝካር ነው የሚመለስ፣ ሳይቀምስ አይቀርም አለ። ልነሣ ቃጣኝ። ከዚያ ለሚካኤል ጠላ ጠጥተህ እየዘፈንክ ስትገባ፣ ስቆጣህ የምትለኝ ትዝ አለኝ፤ “በእግሬ ነኝ እኮ፤ ብወድቅ ራሴን ነው።” እዚያው ችሎት ውስጥ ሳቄ መጣ።

በፍጥነት ነድቶ መግደሉ ጸና፤ ስካሩ ተሰረዘ። ቅጣቱ ተቀንሶለት በቅርቡ ይወጣል።

ውጭ አንድ ሽማግሌ ጠበቁኝ። የሾፌሩ አባት ናቸው።

“እታለም፣ ጠጥቶ ነበር” አሉኝ። “ጣቢያ ሄጄ ሳቅፈው ሸቶኛል።”

“ምነው አያ፣ ያኔ ሳይናገሩ?”

“ልጄ ነው።”

ደሜ ፈላ፤ ወዲያው ደግሞ በረደ። ይቅር ማለትም መራገምም አቃተኝ። ደረጃውን ሲወርዱ ሲደናቀፉ አይቼ ክንዳቸውን ያዝኩ፤ እስከ መናኸሪያ ሸኘኋቸው። ደግ ሆኜ እንዳይመስልህ። ጥሎ መሄዱም አቅም ይጠይቃል።

ማታ እስከዳር ምን ተፈረደ ብላ ጠየቀችኝ። የሆነውን ሳልቀንስ ነገርኳት፤ የሽማግሌውንም ጭምር። መጥታ አጠገቤ ተኛች።

ፍርዱ ሲነበብ ከዳር እስከ ዳር “ሟች” ነው የተባልከው፤ ስምህን የጠራ አልነበረም። እኔ እስካለሁ ባየህ ነህ። በምን ሞተ ላለኝ ሁሉ እንደ ሆነው እናገራለሁ፤ እየደከመኝም ቢሆን።

ያንተው ዘነቡ