በጠጋኙ ስም የወጣችው የሙከራ መስመር

ለምወድህ ወንድሜ ለድንቡሼ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። ወገብህ እንዴት ሆነልህ? ሚስትህስ፣ ልጆቹስ፣ ሥራውስ? እኛ ከሐሳብ በቀር ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን ያማታል እንጂ አፏ ደህና ነው። ስልክ አላነሳ ካልክ ሦስት ወር አለፈህና በወረቀት መጣሁብህ። በእጄ መጻፌም ያለ ምክንያት አይደለም። ዶሮ የጫረው የሚመስለውን ጽሕፈቴን ከልጅነትህ ስለምታውቀው፣ ይህን የጻፈችው እትዬ ናት ብለህ ታምነኛለህ።

ማክሰኞ ዕለት በአባባ ድረ ገጽ ላይ የወጣችውን መስመር የጻፍኳት እኔ ነኝ። አባባ አይደለም።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። አባባ ጉልበቱ ደክሞ በየቤቱ እየዞረ የስፌት መኪና መጠገን ሲያቅተው፣ ሙያውን በድረ ገጹ ላይ ያሰፍር እንደነበር ታውቃለህ፤ ስሙንም «ጠጋኙ» ብሎ ነበር። ከሞተ በኋላም ልብስ ሰፊዎቹ መጠየቃቸውን አልተዉም። አንዷማ በተቀበረ በሳምንቱ፣ ጠጋኙ ምነው ዝም አልክ፣ የሥሩ ክር እየተጠላለፈ አስቸገረኝ ብላ ጻፈች። እንደዚህ ያለውን እያየሁ ሦስት ወር አንጀቴ ሲቃጠል ከረመ። በመጨረሻ ማረፉን ለሁሉም ላሳውቅ ብዬ ቆረጥኩ።

ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው፣ «ቀስ በቀስ» የምንለው ሰውዬ፣ አንድ ፕሮግራም አለ አለኝ፤ ኮምፒውተሩ ላይ ይጫናል፣ ኔትወርክ ባይኖርም ተረጋግተሽ ትጽፊያለሽ፣ ሲያልቅ ወደ ገጹ ትልኪዋለሽ። መጥቶ በአባባ ኮምፒውተር ላይ ጫነልኝ። ስሙን አላሳፈረም፤ ግማሽ ቀን ፈጀበት። ፕሮግራሙ የገጹን አድራሻ፣ የተጠቃሚውን ስምና የይለፍ ቃሉን ጠየቀኝ። የይለፍ ቃሉን መርፌ ከሚያስቀምጥበት መሳቢያ ውስጥ፣ ካርቶን ላይ ተጽፎ አገኘሁት። ድንቡሼ ይላል፣ ከጎኑ የተወለድክበት ዓመት። የበኩር ልጁ እዚሁ አጠገቡ ተቀምጬ ስንት ዓመት ሻይ ሳቀርብለት ኖርኩ፣ ቁልፉ ግን አንተ ሆንክ። ቀናሁ፤ አልዋሽህም።

ገባሁና «እንኳን ደህና መጡ፣ ጠጋኙ» አለኝ። ጽሑፎቹ አንድ በአንድ ወረዱ፤ መጨረሻ ላይ ሳይልከው የቀረ አንድ ረቂቅ መጣ። «መርፌው ሲሰበር መጀመሪያ» ይላል፣ ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው። መጀመሪያ ምን እንደሚደረግ እስካሁን አላውቅም፤ ልብስ ሳጥብም፣ መንገድ ስሄድም ይቺው ነገር ታብሰለስለኛለች።

አባባ በቁራጭ ጨርቅ ላይ አንድ መስመር ሳይሰፋ መኪና ለባለቤቷ አስረክቦ አያውቅም። ሰፍቶ፣ ጨርቁን ወደ መስኮቱ ይዞ አይቶ፣ «ትሄዳለች፤ ክሩ አልተበጠሰም» ይላል። እኔም ያደግኩት በዚያው ነውና ሳልሞክር የሞቱን ማስታወቂያ መጻፍ አልሆነልኝም። አዲስ ገጽ ከፍቼ «ትሄዳለች፤ ክሩ አልተበጠሰም» ብዬ ጻፍኩ። ቀስ በቀስ ሁለቱን ቁልፎች ለይቶ አሳይቶኝ ነበር፤ አንዱ እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ያስቀምጣል፣ አንዱ ይልካል። ያስቀምጣል ብዬ የሚልከውን ነካሁት። የጣድኩትን ውሃ ላወርድ ሄድኩ።

ስመለስ መስመሯ በጠጋኙ ስም፣ በዕለቱ ቀንና ሰዓት ወጥታለች። ከሥሯ አንድ ልብስ ሰፊ «ተመስገን! ሞተ ብለውኝ ነበር» ይላል። ቀጥሎ አንተ። አምስት ደቂቃ እንኳ አልሞላም። «አባዬ፣ አንተ ነህ?» ከዚያ ደግሞ ብቻውን «ይቅር በለኝ»።

ወዲያው አጠፋኋት፤ ግን አንተ አይተሃታል። ለካ ገጹን በየቀኑ ትከፍተዋለህ። የጻፍኳት እኔ መሆኔን እያወቅሁ እንኳ ሳስታውሳት የምትመጣብኝ በሱ ድምፅ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኮምፒውተሩን በስፌት መኪናው ልብስ እየሸፈንኩት ነው የምውለው፤ ቢሆንም ከጀርባዬ ሰው ያለ ይመስለኛል።

እማዬ ግን ሳላጠፋት በፊት የጻፍከውን አንብባ ኖሮ፣ ወንበሯን ጎትታ እዚያው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። በአባቱ ስም «ና» ብለሽ ጻፊለት፣ እሱ ሲጠራው እምቢ ብሎ አያውቅም አለችኝ። በሞተ ሰው ስም ሰው አልጠራም አልኳት። ይኸው አኩርፋኝ ሁለት ቀኗ።

ድንቡሼ፣ ከሥራ ፈቃድ ከልክለውህ ከቀብሩ እንደቀረህ እያወቅሁ፣ በስልክ «ላልቀበርከው አባት አታልቅስ» ያልኩህ እኔ ነኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ሆነና አልመለስ አለኝ። ይቅርታ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ አንተ ግን ለሞተ ሰው ይቅር በለኝ ብለህ ጻፍክ። አባባ አያነበውም፣ ወንድሜ። እኔ አንብቤዋለሁ። አንተም እኔን ይቅር በለኝ።

ማስታወቂያውን ጽፌ በረቂቅ አስቀምጬዋለሁ፤ ቁልፉን ሦስት ጊዜ አይቼ ነው፣ አልተላከም። ከሥሩ የልጆቹ ስም ይገባል። የኔን አስገብቻለሁ። ያንተን አንተው መጥተህ፣ እሱ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ትጽፈዋለህ። በአባባ ስም ሳይሆን በራሴ ስም ነው የምልህ፤ ና።

ሚስትህን ጉንጯን ሳምልኝ። አባባ የስፌት መኪናዋን ጎማ እያዞረ ያስቃት ለነበረችው ለትልቋ ልጅህ፣ ጎማው አሁንም እንደሚዞር ንገራት። ትንሹንም ሳመው። አክስታችን ሰላም ብላሃለች፤ ቀስ በቀስም እንዲሁ፣ የሱ ሰላምታ መቼ እንደሚደርስህ እንጃ እንጂ። እማዬን ምን ልበልልሽ ብዬ ጠየቅኋት። የኔ ሰላምታ በወረቀት አይላክም፣ መጥቶ ይውሰድ አለች።

እህትህ እትዬ

ከአባባ የሥራ ጠረጴዛ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ባረፈ በሦስት ወር ከዘጠኝ ቀኑ