ሽማግሌ ከፊት አስቁሙ

ህይወት ልጄ፣ የደብራችን ታቦት በሄድሽበት ይከተልሽ፤ የሰው አገር ብርድ ይራራልሽ።

እኛ ደህና ነን። በቆሎው አሽቷል፤ ጊደሯም እንዳንቺ እልኸኛ ወጥታለች።

የዓለም የገንዘብ ሹማምንት አንቺ ካለሽበት ከተማ ሊሰበሰቡ ነው፣ እናንተም «የድሃ አገር ዕዳ ይሰረዝ» ብላችሁ ልትሰለፉ ነው አሉ። ፖሊስ ከአዳራሹ ርቃችሁ አጥር ውስጥ ብቻ ቁሙ ማለቱን ከሰማች ወዲህ እናትሽ እንቅልፍ የላትም። «እንዳትሄድ ብለው ይጻፉልኝ» ብላ አጠገቤ ተቀምጣለች። እኔም እሺ እሺ እያልሁ የራሴን እጽፋለሁ።

በጉብዝናዬ ግብር ከብዶን ቡሬ ለአቤቱታ ብንሄድ ዘበኞች ከደጅ አገዱን። አያቴን ባምላኩን ከፊት አስቀደምናቸው። ዱላ ያነሣው ዘበኛ ሽበታቸውን ሲያይ እጁን አወረደ። እናንተም ሽማግሌ ከፊት አስቁሙ። ከጠፋ ትኬት ላኪና እኔ ልምጣ። ብቻ የዚያ አገር ፖሊስ ሽበት ያከብር እንደሆነ ማንን ልጠይቅ?

አጥሩን እንዳትዘዪ፤ ከውስጥ ሆነሽም ድምፅሽ ይሰማል። በልጅነትሽ ስታለቅሺ ማንኩሳ ድረስ ይሰማ ነበር።

በሰላም ያውጣሽ፣ በሰላም ያግባሽ። እንደገባሽ ሰዓቱ ምንም ይሁን ደውዪልን። ነቅቼ የምጠብቀው ለእናትሽ ስል ነው እንጂ ላንቺ አስቤ እንዳይመስልሽ።

አያትሽ ዳኘው