የአድማጯ ስህተት

ማክሰኞ፣ የካቲት 9

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም የኮሌጁን ደረጃ እየለመደው ነው። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ስለ ብርዱና ስለ ጤናሽ ጽፈሻል፤ ስለ ላቦራቶሪ ሥራሽ ግን እንደ ወትሮው አንድም ቃል የለም። አልቀየምኩሽም፤ ዝምታውን ያስለመድኩሽ እኔ ነኝ።

በኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጽሐፍ መደርደሬን ታውቂያለሽ። ዘንድሮ የመጡት የሳይንስ መምህርት ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ምርምር መሥራትን፣ ሠርቶም ማስረዳትን ያስተምራሉ። ዘዴያቸው ጉድ ነው። ተማሪው ያጠናውን ነገር ሳይንስ ላልተማረ ሰው ያስረዳል፤ ከዚያ አድማጩ ክፍሉ ፊት ቆሞ የገባውን ይናገራል። ማርኩ የሚሰጠው ከአድማጩ አፍ በወጣው ነው። ታዲያ የበሩ ጥበቃ፣ የመዝገብ ቤቷ ጸሐፊና እኔ አድማጭ ሆነን ቁጭ አልን።

ለእኔ የደረሰችኝ አንዲት ዓይን አፋር ልጅ ናት። በፕላስቲክ የተቋጠረ ዳቦና በወረቀት የተጠቀለለ ዳቦ የቱ ቶሎ እንደሚሻግት አጥንታለች፤ ሃያ ቁራሽ፣ ዘጠኝ ቀን፣ በየጠዋቱ እየመዘገበች። ስታስረዳኝ ግን ድምጿ እየሰለለ ግማሹን ዋጠችው። አሳዘነችኝ። ተራዬ ሲደርስ፣ «የሻጋታው ዘር ቀድሞም አየሩ ላይ አለ፤ ፕላስቲኩ እርጥበቱን ስለሚይዝለት ነው የሚፋጠነው» ብዬ አሳምሬ ተናገርኩ።

መምህርቷ ፈገግ አሉ። «እማማ፣ ይሄን እሷ ናት የነገረችዎት?»

«እሷስ አይደለችም» አልኩ።

«ታዲያ ከየት አመጡት?»

«ከመጽሐፍ።»

«ከየትኛው?»

ርዕሱን ከነገጹ ነገርኳቸው። ተማሪዎቹ ከት ብለው ሳቁ። «ሰማችሁ?» አሉ መምህርቷ፣ «እናንተ ምንጭ ጥቀሱ ስትባሉ ታለቃቅሳላችሁ።»

ለልጅቷ ግን ማርክ ከለከሏት፤ ዓርብ ድገሚ አሏት። እኔንም ወደ ጎን ወስደው፣ «ካልገባዎት አልገባኝም ይበሏት። እያዘኑላት እኮ እየበደሏት ነው» አሉኝ።

ዓርብ ሦስት ጊዜ አልገባኝም አልኳት። በሦስተኛው ብግን አለች። «እማማ ደግሞ፣ ሆን ብለው ነው አይደል?» አለችና ወንበሯን ሳብ አድርጋ የዳቦውን ቋጠሮ እጄ ላይ አስቀመጠችው። ፕላስቲኩ ከውስጥ እንዴት እንዳላበው በጣቷ እያሳየች ከመጀመሪያው ጀምራ አስረዳችኝ። ድምጿ ኮሪደሩ ድረስ ይሰማ ነበር። ያለችውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ደገምኩት፤ አለፈች። እንደዚያች መምህርት ያለ ሰው አላየሁም።

ልጄ፣ አባትሽ በሞተ ዓመት አንቺም አንደኛ ዓመት ነበርሽ። ደብተርሽን ይዘሽ ስላጠናሽው ልታጫውቺኝ ስትጀምሪ ጎረቤቶች ፊት ሳቅኩብሽ። «ለማን ነው የምትለፈልፊው?» አልኩሽ። አነጋገርሽ አይደለም ያሳቀኝ። አንዱም ነገር አልገባኝም ነበር፤ ይህንኑ በሰው ፊት ለማለት አፈርኩ። ደብተርሽን ዘጋሽ። መጽሐፍ ማንበብ የጀመርኩት በዚያው ሳምንት ነው፤ ለምን እንደሆነ ጠይቀሽኝ አታውቂም።

እስቲ በዚያ ላቦራቶሪ ስትውይ የምትሠሪውን ጻፊልኝ። ገጹ ይብዛ፣ ግድ የለም። የገባኝን መልሼ እጽፍልሻለሁ፤ ያልገባኝንም አልደብቅሽም።

ጤናውን አብዝቶ ይስጥሽ። የያዝሽው ይቃናልሽ። የሚያዳምጥሽ ሰው ከአጠገብሽ አይጥፋ።

እናትሽ