ስለ ታሰሩት ዐሥራ አንድ እንቁላሎች

ሶዶ፣ ሚያዝያ ፲፰ ቀን ፲፱፻፳፮ ዓመተ ምሕረት

ለተከበሩ ግራዝማች ወልደመስቀል፣ የሶዶ ከተማ ዳኛ

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ጾሙስ በደህና ተፈታልዎ? የሰሞኑ ጉም ጉልበትዎን እንዳይይዝብዎ፣ ከወንበርዎ ሲነሡም ወገብዎን እንዳያምዎ፣ ቤተሰብዎ ሁሉ ከትልቅ እስከ ትንሽ በሰላም እንዲውል ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ከድካም በቀር ደህና ነኝ። ድካሙም ችሎትዎ ፊት አራት ቀን ሙሉ ቆሜ ከመዋሌ የመጣ ነውና፣ የመንግሥት ሥራ ላይ ያገኘኝ ድካም ነው ብዬ እጽናናለሁ። ይህን ደብዳቤ ቤትዎ ድረስ ይዤ በመምጣት ፈንታ በጋዜጣ ማውጣቴን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ በእጅዎ ብሰጥዎ በቀጠሮ እንዳይያዝብኝ ፈርቼ ነው።

የጋዜጣው አንባቢ ሁሉ የሶዶ ሰው አይደለምና፣ ይፍቀዱልኝና ባዳቾ ማን እንደሆነ አስቀድሜ ልናገር። ባዳቾ በሐኪም ቤታችን ቁስል የሚያጥብ፣ ፋሻ የሚያስር፣ መርፌ የሚወጋ የዚሁ አገር ልጅ ነው። እጁ ቀላል ስለሆነ እኛ የከተማው ሰዎች ለመርፌ ስንሄድ ሌላው ሲጠራን አልሰማንም ብለን እሱን ቆመን እንጠብቃለን፤ እርስዎም ባለፈው ዓመት በእባጭዎ ጊዜ እንደዚሁ አድርገዋል ይባላል፣ ወሬ ነው። ታዲያ ባለፈው ክረምት ከአዲስ አበባ ደብዳቤ መጣ። ከየአገሩ ሐኪም ቤት አንድ አንድ ሰው ተመርጦ ለሕክምና ትምህርት ይላካል፤ መራጩ ሐኪም በመጋቢት ሶዶ ይደርሳል፤ መመረጥ የሚፈልግም ጫጩት በእንቁላል ውስጥ ከመጀመሪያው ቀን እስከ ሃያ አንደኛው ቀን እንዴት እንደሚበጅ፣ የእያንዳንዱን ቀን በአንድ መስታወት ላይ አሰናድቶ ያሳያል። ሃያ አንድ ቀን፣ ሃያ አንድ መስታወት። አንዱ እንኳ ቢጎድል አይሆንም።

ነገሩ ቀልድ የሚመስለው ሰው ይኖራል፤ እኔም መስሎኝ ነበር። ባዳቾ ግን ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። ሰውም በሬም ዓሣም ወፍም፣ አከርካሪ ያለው ፍጥረት ሁሉ ሲጀመር በጣም የተቀራረበ ነው አለኝ፤ የሰውን ሆድ ከፍቶ የልጁን አበቃቀል ቀን በቀን መመልከት አይቻልምና የዶሮዋ እንቁላል በእሱ ፈንታ ይነግረናል አለኝ። እንቁላሉን ለብ ባለ የጨው ውሃ ውስጥ ይከፍታል፤ ጽንሱን በአልኮል ያጠነክራል፤ በሰም ውስጥ ያስቀምጣል፤ ሰሙን በምላጭ ከሽንኩርት ገለፈት ይልቅ አሳስቶ ይቆርጣል፤ በቀለም ነክሮ በመስታወት ላይ ይለጥፋል። ከዚያ ሐኪም ቤቱ ባዋሰው አጉሊ መነጽር ያያል። እኔንም አንድ ቀን "አጋፋሪ፣ ዓይንዎን ጨፍነው ሳይሆን ከፍተው ይመልከቱ" ብሎ አሳይቶኛል፤ በሁለተኛው ቀን ማለቂያ ላይ የተከፈተች አንዲት እንቁላል ውስጥ ከሰሊጥ የማትበልጥ ቀይ ነገር ብቻዋን ዘለል ዘለል ትል ነበር። ልብ ናት። ዶሮዋ ገና የለችም፣ ልቧ ግን ሥራ ጀምራለች። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቁላል ስበላ እያሰብኩ ነው።

ይህን ያህል ካልኩ፣ ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ ስለ ትጋትዎ አመሰግናለሁ። ባዳቾ ሥራውን የጀመረው በዐቢይ ጾም መካከል ነው፤ ምክንያቱም ከተማው ሲጾም እንቁላል የሚገዛ የለምና እንቁላል በሽ ነው። ሻጯ እመት ቦልቴ "ጾም ሲገባ የሚያስታውሰኝ አንተ ብቻ ነህ፣ እግዜር ይስጥህ" እያለች ሃያ ሁለት ለም እንቁላል መርጣ ሰጠችው። ሁለት የምትታቀፍ ዶሮ አገኘ፤ ከእያንዳንዷ ሥር ዐሥራ አንድ ዐሥራ አንድ አደረገ። በቀን አንድ አንድ እየከፈተ የመጀመሪያዋን ዶሮ እንቁላል በዐሥራ አንደኛው ቀን ጨረሰ። ቅርፊቱን የት ይጣለው? ከአጥሩ ሥር ቆሻሻ ጉድጓድ ውስጥ ጣለው። ጎረቤቱ ወይዘሮ ፈጠነች ደግሞ አጥር ላይ የማይወጣ ዓይን የላቸውም፤ ቅርፊቱን አንድ በአንድ ቆጥረው ዐሥራ አንድ ሲሆን እርስዎ ዘንድ ደረሱ። በሦስት ሰዓት ውስጥ ዘበኛ ላኩ። ባለፈው ዓመት ቤቴ በተዘረፈ ጊዜ ዘበኛ የመጣው በዘጠነኛው ቀን ነበርና፣ እድገታችንን በዓይኔ አየሁ።

ሁለተኛ፣ ዘበኛዎ ደገፉ ስለ ከፈለው መሥዋዕትነት አመሰግናለሁ። ከባዳቾ መደርደሪያ ላይ ጽንሱ የሚጠነክርበትን አልኮል ባገኘ ጊዜ አረቄ መሆኑን ለማረጋገጥ በጾም ቀመሰው። አንድ ጊዜ ቀምሶ እርግጠኛ ስላልሆነ ደገመ። "ምን ነው ደገፉ?" ቢሉት "ጌታዬ፣ አረቄ ነው፣ ግን የተናደደ አረቄ ነው" ብሎ በችሎት መሰከረ። ቃሉም በመዝገብ ገባ።

ሦስተኛ፣ ማስረጃ ስለ መጠበቅ ስለ ሰጡት ትእዛዝ አመሰግናለሁ፤ የዚህ ሁሉ ነገር ልቡ እሱ ነው። ሐሙስ ዕለት ባዳቾን፣ ሁለተኛዋን ዶሮና ከሥሯ ያሉትን ዐሥራ አንድ እንቁላሎች በአንድ ቅርጫት አስቀረቡ። "ጾም ገደፍክ?" አሉት። "ጌታዬ፣ አልበላሁም፤ አየሁ እንጂ" አለ። "እንቁላል ለማየት ምን መስበር ያስፈልጋል? ውጭው አልበቃህም?" አሉት፣ ችሎቱም ሳቀ፤ እኔም ስቄያለሁ፣ አልዋሽዎትም። ወይዘሮ ፈጠነች ብድግ ብለው "እኔ ቅርፊት ሲወጣ አይቻለሁ፤ ጫጩት ሲወጣ ግን አላየሁም። ታዲያ ውስጡ የት ገባ?" አሉ። ባዳቾ ውስጡ በመስታወት ላይ መሆኑን ሊያሳይ ሳጥኑን ቢከፍት፣ እርስዎ አሻግረው ተመልክተው "ይህ እድፍ ነው" አሉ። ከዚያም ቀጠሮ ለሰኞ ሆነ፤ ዶሮዋና እንቁላሎቹም እንደተገኙ፣ ሳይነኩ፣ በእርስዎ ማድ ቤት እንዲቀመጡ ታዘዘ።

ያን ጊዜ ባዳቾ መሬት ላይ ወድቆ ለመነ። በቀን አንዲት እንቁላል ብቻ፣ በዘበኛ ፊት፣ በማድ ቤትዎ ደጅ ከፍቼ ልመልከት፤ ቀኑ ካለፈ አይመለስልኝም አለ። እርስዎም በሚያምር ድምፅዎ "ማስረጃ አይጎድልም" አሉት። ግራዝማች ሆይ፣ ስንት ዓመት ችሎት ተመላልሻለሁ፣ እንዲህ ያለ ንጹሕ ፍርድ አልሰማሁም። አንዲት እንቁላል አልጎደለችም። የጎደለው ቀን ብቻ ነው።

አራተኛ፣ ነገሩን በጥልቀት ስለ መመርመርዎ አመሰግናለሁ። ሰኞ መሪጌታውን አስጠሩ። መሪጌታው ጥሩ ሰው ናቸው፣ ሳይቸኩሉ ጢማቸውን እየደባበሱ "መጀመሪያ ይህ ነገር እንቁላል ነው ወይስ ሥጋ? ቢበላስ የትኛው ይሆን የተበላው?" አሉ። ጥያቄው ከበደና ለሐሙስ ተቀጠረ። ሐሙስ መልሱ አልደረሰም፤ መሪጌታው መጽሐፍ ሊያዩ ነበርና ለሰኞ ተቀጠረ። ባዳቾ ችሎቱ ጥግ ቆሞ በጣቱ ሲቆጥር አየሁት፤ አጠገቡ ስቆም "ዛሬ ዐሥራ ስምንተኛው ነው፤ ምንቃሩ ደርቋል፣ አስኳሉን ወደ ሆዱ መሳብ ጀምሯል፤ እኔ ግን አላየሁትም" አለኝ፣ ስለ ሞተ ሰው እንደሚያወራ ቀስ ብሎ። መራጩ ሐኪም በዚያው ሳምንት ሶዶ ገብቶ ነበር፤ ማክሰኞ ይነሣል።

አምስተኛ፣ በሁለተኛው ሰኞ ስላሳዩን ነገር ከተማው ሁሉ ያመሰግንዎታል። ቅርጫቱ ቀረበ፣ ጨርቁ ተገለጠ፣ ዐሥር ጫጩቶች ወጥተው በችሎቱ ምንጣፍ ላይ ተበተኑ። አንዷ የጸሐፊውን ወረቀት ረግጣ አለፈች። ጸሐፊው መዝገብ አንብቦ "ዐሥራ አንድ እንቁላል ይላል ጌታዬ፤ አሁን ያለው አንድ እንቁላል ነው" ቢልዎ፣ እርስዎ ፊትዎ ተለዋወጠና ደገፉን "ዐሥሩን የት አደረስከው?" ብለው ያዙት። ደገፉ ምስኪን "ጌታዬ፣ እኔ አልበላሁም፣ በጾም እንዴት እበላለሁ፣ በማርያም" እያለ ማለ። አረቄውን ረስቶት ነው። ባዳቾ ባይደርስለት ኖሮ ዘበኛው ያን ቀን ይታሰር ነበር፤ እንቁላል ሃያ አንድ ቀን ከታቀፈ እንደሚፈለፈል ለችሎቱ ያስረዳው እሱ ነው። ከወይዘሮ ፈጠነች በስተቀር ቤቱ ዶሮ የሌለው ሰው እዚያ አልነበረም።

ፍርዱም ተሰጠ፤ እንቁላሉ ስለሌለ ክስ የለም፣ ተከሳሽ ነጻ ነው፣ ዶሮዋና ጫጩቶቿ ግን ስለ ጠባቂነት ለጠባቂው ይሁኑ ተባለ። ጠባቂው የእርስዎ ማድ ቤት ነው። ያልተፈለፈለችዋን አንዷን እንቁላል ደግሞ በምሕረት ለባዳቾ መለሱለት። ቤቱ ሄዶ ከፈታት፤ እኔም አብሬው ነበርኩ። ስለ ሽታው ዝም ብል ይሻላል።

ማክሰኞ ጠዋት ባዳቾ ዐሥራ አንድ መስታወቱን ይዞ ሐኪሙ ዘንድ ገባ። ሐኪሙ አንድ በአንድ አያቸው፤ "እጅህ ጥሩ ነው፣ እንዲህ ያለ ቁርጥ በሌላ አገር አላየሁም" አለው። ቀጥሎ "የቀሩት ዐሥሩስ?" አለ። ባዳቾ የፍርድ ቤቱን ነገር ቢነግረው ሐኪሙ እስኪያነባ ሳቀ፤ ከዚያም በቅሎው እንደተጫነች፣ ዝናብ ሳይቀድመው ወንዙን መሻገር እንዳለበት፣ ቦታውም ሃያ አንዱን ላሟላ ለሌላ አገር ሰው እንደሚሆን በትሕትና ነገረው። የሚቀጥለው ምርጫ በስንት ዓመት እንደሆነ ቢጠይቀው፣ አላውቅም አለ። ባዳቾ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ሥራው ተመለሰ። የሁምቦ ሰዎች ቁስል ይዘው መጥተው ነበር፤ አጠበላቸው።

ይኸው ነው። ቁጣ ቢኖረኝ በተሻለ ጻፍኩት ነበር፤ ግን ቁጣዬ ሁለተኛው ቀጠሮ ላይ አለቀ። እርስዎ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሕጉን ጠብቀዋል፣ ማስረጃውን ጠብቀዋል፣ ዶሮዋ እንኳ በማድ ቤትዎ ጥሬ አልጎደለባትም። አንድ ሰው ብቻ አልተጠበቀም።

የፍርድዎን ወንበር ከሩቅ እጅ የምነሣ፣ ለወደፊትም በደጅዎ እንዳልታይ ለራሴ ቃል የገባሁ፣ ጾሜን ጨርሼ እንቁላል እየበላሁ በፍርሃት ቅርፊቱን የምቀብር፣ ታዛዥዎ

አጋፋሪ አድነው ጉልላት

ከፊርማዬ በኋላ የመጣ ወሬ፦ ደብዳቤውን ልልክ ስል ትናንት ከቤትዎ ሰው ወደ ባዳቾ ዘንድ መጥቶ እንደነበር ሰማሁ፤ እርስዎ ሳያውቁ አይቀሩም፣ ካላወቁም ባለቤትዎን ወይዘሮ የማርያምወርቅን አይቆጧቸው። ምራትዎ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ የሐኪም ቤቱ አለቃ ለወረርሽኝ ወደ ቆላ ወርዷል፤ ልጁም ከሁለት ቀን ወዲህ አልተንቀሳቀሰም ብለው ተደናግጠው ነበር። ባዳቾ ወዲያው ሄደ፣ ጆሮውን አስጠግቶ ብዙ ጊዜ አዳመጠ፣ "ልቡ ይመታል፣ አትፍሪ እቴ" አላት፤ ማታ ልጁ ተራገጠ። ወይዘሮ የማርያምወርቅ ግን እናት ናቸውና አልበቃቸውም፤ "ለምን ዝም አለ? ውስጡ ምን እየሆነ ነው? አንተ ያየህ ሰው ነህ" ብለው ያዙት። እሱም ለእሳቸው በአክብሮት የመለሰውን ለእርስዎ ላደርስ ይገባኛል፤ "እመቤቴ፣ እኔ የማውቀው በእንቁላሉ እስከ ዐሥራ አንደኛው ቀን ድረስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን በማስረጃነት የያዙት ግራዝማች ናቸው" አላቸው።