መጠለያ የምትለው ቃል

ሰኞ
ጉድ ሆንኩ። ዛሬ የመንግሥት የሙከራ ልምምድ ነበር፦ የመሬት መንቀጥቀጥ ከተራራው ማዶ ያለውን የኑክሌር ጣቢያ ቢሰነጥቀው፣ መርዙም በነፋስ ሲያትል ቢደርስ፣ ሕዝቡ እንዴት ይነገረው? የአማርኛው ድምፅ የኔ ነው። የከተማው የአደጋ ቢሮ ድምፄን ቀድቶ ኦቴሎ ሰፈር ያለው ሕንፃችን ውስጥ ለሚኖሩ አበሾች በስልክ አሰማቸው። እንግሊዝኛው ባላችሁበት ተጠለሉ ይላል። እኔ ደግሞ አሳምሬ “በመጠለያ ቆዩ” አልኩት። ኮርቼበትም ነበር።

ወዲያው ሁሉም ፓርኪንግ ሎቱ ላይ ፈሰሰ። ብርድ ልብስ የተሸከመ፣ ፓስፖርት በጉያው የወሸቀ። ከላዬ ፎቅ ብቻቸውን የሚኖሩት እትዬ ብርቄ ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው አውቶቡሱ በየት በኩል እንደሚመጣ ጠየቁኝ። ሱዳን በስደት ብዙ ኖረዋል፤ መጠለያ ለሳቸው ድንኳን ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ማክሰኞ
ሥራ ላይ የሆቴል አልጋ እያነጠፍኩ ያንኑ አስባለሁ። የእውነት ቢሆን ኖሮ እትዬ ብርቄን ወደ መርዝ ያወጣኋቸው እኔ ነኝ። ቃሉ እንዲቀየር ለአደጋ ቢሮው ኃላፊ ለካረን ደወልኩ። ጽሑፉ ጸድቋል፣ አይነካም አለች። ሐሙስ በዋናው ልምምድ ሰዎቹ እንደገና ከወጡ ደግሞ አማርኛው ቀርቶ በእንግሊዝኛ ብቻ ይነገራል አለች። እትዬ ብርቄ ከእንግሊዝኛ “ኦኬ”ን ብቻ ነው የሚያውቁት።

ረቡዕ
ያለ ቀጠሮ ቢሮዋ ገባሁ። ድፍረቴን ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። መጠለያ ለኛ ሰው ቤቱን ጥሎ የሚሄድበት ቦታ ነው አልኳት። ትርጉሙ ልክ አይደለም እንዴ አለች። ልክ ነው፣ ሰዎቹ ግን ውጭ ናቸው አልኳት። እስክሪብቶ አነሳችና ለውጡን ፈረመች። ተመስገን!

አዲሱ፦ “አየሩ መርዝ ነው። ከቤት አትውጡ። በርና መስኮት ዝጉ። ውጡ እስክንላችሁ ጠብቁ።” ደጋግሜ ቀዳሁት።

ሐሙስ
ድል! ከካረን ጋር ፓርኪንጉ ላይ ዝናብ እየመታን ቆምን። ስልኮቹ በየቤቱ ጮኹ። ማንም አልወጣም። መስኮቶቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። ካረንን አቀፍኳት፤ አላፈርኩም። አማርኛው ይቀጥላል፣ ትግርኛና ኦሮምኛም ይጨመራል አለች።

ከነዋሪዎቹ አንድ ሰው ላነጋግር ስላለች የእትዬ ብርቄን በር አንኳኳን። አይከፍቱም። ልምምድ ነው፣ እኔ ነኝ አልኳቸው።

“አውቄሻለሁ” አሉ ከውስጥ። “በስልኩም አንቺ፣ በበሩም አንቺ። የቱን ልስማ? ደግሞ አየሩ መርዝ ነው እያልሽ ውጭ ምን ትሠሪያለሽ? ግቢ ወደ ቤትሽ!”

ካረን ምን አሉ ብላ ጠየቀችኝ። ግቡ ብለውናል አልኳት። እኔ ቤት ገባን፤ መስኮቱንም ዘጋሁ።